የአሥራ አንድ ማይል ፈቃድ

ሬዲዮው ኮሽ ባለ ቁጥር ብሪታ መጀመሪያ የሚታያት የተገለበጠ ባቡር ነው። በሰሜን ዳኮታ፣ በአጎቷ በሎዌል ትንሽ የባቡር ድርጅት የባቡሮችን ጉዞ በሬዲዮ የምትመራ ተቆጣጣሪ ሆና ሦስት ዓመት ሠርታለች። አንድም ፉርጎ ተገልብጦ አያውቅም። እሷ ግን «ነገስ?» ትላለች።

በየቀኑ ከቀትር በኋላ የሚጠራት ኔልስ ነበር። የጎረቤቱን ድርጅት የስንዴ ባቡር ይነዳል። የእነሱ ሐዲድ ብቻውን የትም አያደርስም፤ ፉርጎዎቹን አገር ለሚያቋርጠው ትልቅ ባቡር ለማስረከብ በሎዌል ሐዲድ አሥራ አንድ ማይል መጓዝ ግድ ነው። ለዚያ ደግሞ የብሪታ ፈቃድ ያስፈልጋል። እሷ እስከ ስንት ሰዓት እንደፈቀደች ትናገራለች፤ እሱ ቃል በቃል ይደግማል፤ እየደገመ ሳለ ቅጹ ላይ ትጽፋለች።

«እስከ ስምንት ሰዓት ተፈቅዶልሃል። ደሞ ቀስ በል፣ ድልድዩ ጋ ነፋስ አለ።»

«እስከ ስምንት ሰዓት። ነፋሱንም ልድገመው?»

«አትቀልድ!»

በጥቅምት፣ በቤተ ክርስቲያን እራት ላይ፣ ከኋላዋ «ዓሣው አልቋል እንዴ?» የሚል የለመደችው ድምፅ ሰማች። ዞር ስትል ጆሮው በብርድ የቀላ ረጅም ወጣት ሳህን ይዞ ቆሟል።

«አንተ ነህ?»

እስከዚያ ቀን የሚተዋወቁት በሬዲዮ ድምፅ ብቻ ነበር። ሰልፉ አልፏቸው ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ብሪታ ፍርሃቷ ጨመረ። የነኔልስ ድርጅት በሎዌል ሐዲድ የሚጠቀምበት ውል በኅዳር መጨረሻ ያበቃል። ሎዌል ካላደሰው የነኔልስ ድርጅት ይዘጋል፣ ኔልስም ሥራ ፍለጋ ቴክሳስ ይሄዳል።

ውሉ ሊያበቃ አራት ቀን ሲቀረው፣ ብሪታ ለምሳ ስትወጣ ሎዌል ወንበሯ ላይ ተቀመጠ። ቅጹ ላይ የኔልስ ፈቃድ እስከ ስምንት ሰዓት ይላል። ስለዚህ ሎዌል ስምንት ተኩል ላይ በዚያው ሐዲድ የራሱን ባቡር ላከ። ሁለቱ ባቡሮች ተፋጠው የቆሙት ለመጋጨት ሁለት መቶ ሜትር ሲቀራቸው ነው።

ብሪታ ተመልሳ ቅጹን ስታይ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ገባት። ኔልስ ሁልጊዜ የሚጠይቀው እስከ ስምንት ነውና ጠዋት ቀድማ ሞልታው ነበር። የዚያን ቀን ግን ስንዴው ከበደና እስከ ዘጠኝ ለመነ፤ እሷም ፈቀደች። ቅጹን ሳታስተካክል ምሳ ሄደች።

ውሉን ለማደስ በተጠራው ስብሰባ የነኔልስ ድርጅት ባለቤት ወይዘሮ ዶርዲስ እስክሪብቶ ይዘው ይጠብቃሉ። ሎዌል ግን ውሉን ገፋው።

«ሰዓት የማያከብር ሰው ሐዲዴን አይረግጥም! አንተ ልጅ፣ ምን ትላለህ?»

ኔልስ ብሪታን አያት። አንዴ ብቻ።

«ምናልባት... እኔ ተሳስቼ ይሆናል።»

ብሪታ ተነሳች።

«አጎቴ፣ እስከ ዘጠኝ ፈቅጄለታለሁ። ቅጹን ጠዋት ነው የሞላሁት። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ከፈለጉ ያባርሩኝ።»

ሎዌል ፊቱን ሁለት ጊዜ በእጁ አሸ።

«እኔስ?» አለ። «ከሐዲዱ መውጣቱን ሳልጠይቀው ባቡር ላክሁ። ሽማግሌ ነኝ፣ ማወቅ ነበረብኝ።» ወደ ወይዘሮ ዶርዲስ ዞረ። «ስጡኝ እስቲ ወረቀቱን፣ ልፈርም። አንቺ ደግሞ፣ ብሪታ፣ ሠላሳ ቀን ከወንበሩ ትነሻለሽ።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ቅጣት ተቀብላ ያመሰገነች እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም።

ውጭ በረዶ ጀምሯል። ኔልስ ተከተላት።

«ዝም ብትዪ እኮ ያልፍ ነበር።»

«አንተን ወንጀለኛ አድርጌ? ዕድሜ ልኬን ዓይንህን ማየት እየፈራሁ ልኖር?»

«እጅሽ ይንቀጠቀጣል።»

«ሁልጊዜ ነው። በሬዲዮ ስለማይታይ ነው።»

ጓንቱን አውልቆ እጇን ያዘላት። ብሪታ ከልማዷ ውጪ፣ ቀጥሎ ስለሚመጣው ክፉ ነገር አላሰበችም። በባቡሮቹ መሃል ለቀሩት ለእነዚያ ሁለት መቶ ሜትሮች በልቧ ምስጋና አቀረበች።

በሰኔ ሲጋቡ አሁንም ትንቀጠቀጥ ነበር፤ ቀለበቱን ያጠለቀላት አጥብቆ ይዟት ነው።