ሦስት መስመር

መምህሩ ሲገኝ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነበር። ጀርባው ግድግዳውን ተደግፏል፤ እጆቹ ጉልበቱ ላይ ናቸው። ከትምህርት ቤቱ ምድር ቤት ተሸክመው ያወጡት ሰዎች እንዳሉት፣ የሞተ ሳይሆን ቆጥሮ ያልጨረሰ ሰው ይመስል ነበር።

ሐኪሙ ነገሩን ባጭሩ ቋጨው፤ ልብ ነው። ክኒኑን ከምላሱ ሥር ቢያደርግ ኖሮ ይተርፍ ነበር። ክኒኑን የሚይዝባት ትንሽ ቆርቆሮ ደግሞ ሁልጊዜ ከክርኑ ሥር፣ ጠረጴዛው ጥግ ላይ ነው ቦታዋ። የዚያን ቀን ግን በሩ አጠገብ ካለው መደርደሪያ ላይ ተገኘች። ከወንበሩ አራት እርምጃ ቢሆን ነው።

መርማሪዋ ጉዳዩ ሲደርሳት ያለቀ ነገር መስሏት ነበር። የሟቹ ታላቅ ወንድም ራሱ ጣቢያ ድረስ ሄዶ «እኔ ነኝ» ብሏል። የእሷ ሥራ አስፈርሞ መዝጋት ብቻ ነው። ግን ይህችን ሴት የሚያውቃት ያውቃታል። ባልደረቦቿ «ወይዘሮ ለምን» ነው የሚሏት። ባሏ እንኳ «ጨው አነሰው ስላት፣ ለምን ትለኛለች» እያለ ያማታል።

ወንድምየው አናጢ ነው። በበር ሲገባ ጎኑን አዙሮ ስለሆነ ሰፈሩ ሁሉ ግንቡ ይለዋል።

«ሦስት ሰዓት ላይ ገባሁ» አላት። «አጠገቡ ያለው ዱካ ላይ ተቀምጬ ሩብ ሰዓት ያህል ተጨቃጨቅን። በንዴት ቆርቆሮዋን አንስቼ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩና ወጣሁ።»

«ለምን?»

«ቤቱን ጥሎ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ስለሚውል። ተነስቶ ይንቀሳቀስ ብዬ።»

«ለምን በዚያ ቀን?»

«እህቴ፣ ገደልኩት እያልኩሽ ነው። የካደ ሰው እንኳ እንዲህ አይጠየቅም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የወንድሜ ልጅ ገና ሰባት ዓመቷ ነው። አባቷን አጥታለች። እናቷን ተዉላት።»

እናቷን ማንም አልነካም ነበር። ወይዘሮ ለምን ብዕሯን ከደነችና ተነሳች።

የመምህሩ ሚስት ልብስ ሰፊ ናት። አጥንቷ የሚቆጠር ቀጭን ሴት። መርማሪዋ ስትደርስ የልጅቷን የትምህርት ቤት ልብስ እየሰፋች ነበር፤ የእጅጌውን አፍ ግጥም አድርጋ እንደሰፋችው ግን አላየችም።

«የዚያን ቀን ወደ ምድር ቤቱ ወርደው ነበር?»

«እዚያ ምን እሠራለሁ? ብሄድስ መች ዞሮ ያየኛል።»

መርማሪዋ እጅጌውን አሳየቻት። ሴትየዋ መተርተር ጀመረች፤ ክሩ ግን አልታይ አላት።

ምድር ቤቱን የከፈተላት የትምህርት ቤቱ ዕቃ ጠባቂ ነው። ሲገባ የቁልፍ ዘለላውን ከደጅ አስቀመጠ።

«ለምን?» አለች።

«ልማድ ሆኖብኝ ነው፣ እትዬ። መምህር ‹ቁልፍህ ይስባል› ይለኝ ነበር። ማንኛውም ነገር ማንኛውንም ነገር ይስባል ባይ ነበር። እኔን ሳይቀር። ሚስቴ ይህን ብትሰማ ትስቅ ነበር።»

በመስታወት ሣጥን ውስጥ፣ እንደ ፀጉር በቀጠነ ሽቦ ላይ አንድ ዘንግ ተንጠልጥሏል። በሁለቱ ጫፎቹ የእርሳስ ብረት ኳሶች አሉ። መሐሉ ላይ ያለች ትንሽ መስታወት ብርሃን እያንጸባረቀች መስመር በተሰመረበት ግድግዳ ላይ ነጥብ ትጥላለች። በሰዓት ሞተር የሚዞር የፎቶ ወረቀት ደግሞ የነጥቧን መንገድ ቀኑን ሙሉ ይቀዳል።

«ሰው ከተጠጋ ዘንጉ ወደ ሰውየው ይዞራል» አለ ጠባቂው። «በዓይን አይታይም፤ ነጥቧ ግን ታጋልጣለች። ክብደቱ እጥፍ የሆነ ሰው እጥፍ ይስባል።»

«ከራቀስ?»

«ጉዱ እዚያ ላይ ነው። እጥፍ ቢርቁ ስበቱ በግማሽ አይደለም የሚቀንሰው፤ ሩቡ ብቻ ነው የሚቀረው። አራት እጥፍ ቢርቁ ከአሥራ ስድስት አንድ እጁ። መምህር ‹ርቀት ጨካኝ ነው› ይል ነበር።»

«ለምን?»

«እኔ ዕቃ ጠባቂ ነኝ፣ እትዬ። ለምኑን የፈጠረው ይጠየቅ።»

ወረቀቱን ዘረጉት። ከማለዳ ጀምሮ መስመሩ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ሦስት ሰዓት ላይ በሦስት መስመር ከፍ ይላል። አሥራ ሦስት ደቂቃ ቆይቶ ወደ ቦታው ይመለሳል። ከዚያ እስከ አሥር ሰዓት እንደ ክር የተወጠረ ነው። አሥር ሰዓት ላይ በአምስት መስመር ይነሳል።

«ይሄ እኔ ነኝ» አለ ጠባቂው። «የተኛ መስሎኝ ዱካው ላይ ቁጭ ብዬ እስኪነቃ ጠበቅኩት።» ፊቱን አዞረ።

በማግስቱ ሦስቱንም ምድር ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ግንቡን ከጣቢያ አስመጣችው። ከዕቃ ክፍሉ ሚዛን አስወጥታ አንድ በአንድ መዘነቻቸው። ግንቡ መቶ ሃያ ኪሎ፣ ጠባቂው ሰባ አምስት፣ ሚስትየዋ አርባ አምስት።

«ለመስቀል ገመድ ልትመርጡልኝ ነው?» አለ ግንቡ። የሳቀለት የለም።

መጀመሪያ እሱን ዱካው ላይ አስቀመጠችው። ነጥቧ መቸኮል አታውቅም፤ ጠበቁ። ስምንተኛው መስመር ላይ ደረሰች።

«ዱካው ላይ ተቀመጥኩ ብለዋል። እርስዎ ቢሆኑ ወረቀቱ ስምንት ይል ነበር። የሚለው ግን ሦስት ነው።»

«ራቅ ብሎ ቆሞ ከሆነስ?» አለ ጠባቂው። «ከራቀ ይቀንሳል ብያለሁ።»

«ብለሃል። እስቲ በር ላይ ይቁሙ።» ግንቡ ሄዶ ቆመ። ነጥቧ ግማሽ መስመር እንኳ በወጉ አልተነሳችም። «ከሣጥኑ ዱካው አንድ እርምጃ ነው፣ በሩ አራት። መሐሉን ሁሉ ጠረጴዛው ይዞታል፤ ሰው መቆሚያ የለውም። ስለዚህ ወይ ቅርብ ነው፣ ወይ በር ላይ። ከበር ሆኖ ሦስት መስመር ለማንሳት ሰውየው ሰባት መቶ ኪሎ መሆን አለበት። ጋሼ ግንቡ ይወፍራሉ እንጂ ያን ያህልስ አይደሉም። አንተ ደግሞ አምስት ነህ፤ አሥር ሰዓት ላይ ራስህ ጽፈኸዋል። ዱካው ላይ የተቀመጠው ሰው ከስምንቱም ከአምስቱም ያነሰ ነው። ቀላል ሰው፣ በጣም ቅርብ።»

ወደ ሚስትየዋ ዞረች፤ ተቀመጪ ግን አላለቻትም። ሴትየዋ ራሷ ሄዳ ተቀመጠች። ነጥቧ ቀስ ብላ ሦስተኛው መስመር ላይ ቆመች።

«ዝም በይ አላልኩሽም?» አለ ግንቡ።

«አንተ ታስረህ ልጅቷን በየትኛው ዓይኔ እያየሁ ላሳድጋት፣ ጋሼ?» እጆቿን አየች። «ጠዋት ልጄ ‹አባዬ የሚኖረው የት ነው?› አለችኝ። ይህን ልነግረው መጣሁ። ጣቱን አንስቶ ‹ቆዪ› አለኝ፤ ሲለካ አይናገርም፣ አይንቀሳቀስም። ቆየሁ። አልዞረም። ቆርቆሮዋን ወስጄ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩ። ለክኒኑ ሲነሳ መስመሩ ይበላሻል፤ ከተበላሸ ደግሞ ቤቱ ይመጣል ብዬ። ማታ ለጋሼ ነገርኩት፤ ‹እኔ ነኝ እላለሁ› አለ።»

«አልተነሳም» አለች መርማሪዋ። «ቢነሳ ኖሮ የራሱ ስበት ጎድሎ መስመሩ ወረቀቱ ላይ ይወርድ ነበር። ሕመሙ ሲመጣ መስመሩ እንዳይበላሽበት ዝም ብሎ ተቀመጠ። በኋላ መነሳት ቢፈልግም አቅሙ አልነበረውም ይሆናል።»

«ባሌ ነው» አለች ሴትየዋ። «ያደርገዋል።»

ግንቡ በሩን ተደግፎ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። መርማሪዋ እሱ ወደ ቤቱ እንደሚሄድ ነገረችው። ለሴትየዋም ቃሏን እንደምትቀበላት፣ ሆን ተብሎ የተደረገ አይደለም ብላ እንደምትጽፍ፣ የቀረውን ዳኛ እንደሚያይ ነገረቻት።

«እሺ» አለች ሴትየዋ። «ለልጄ እኔ ራሴ ነኝ የምነግራት። ግን ትጠይቀኛለች። እኔ ከወጣሁ በኋላ ስንት ሰዓት ቆየ?»

ወይዘሮ ለምን ወረቀቱ ላይ አጎነበሰች። ከሦስት ሰዓት ከሩብ እስከ አሥር ሰዓት አንዲት እጥፋት የለችውም።

«ወረቀቱ አያውቅም» አለች። «በሕይወት እያለም፣ ከሞተም በኋላ፣ እኩል ነው የሳበው።»

ሴትየዋ ጣቷን መስመሩ ላይ አሳረፈችና ቀስ እያለች ወደ ቀኝ ወሰደችው። የቱ ጋ ማቆም እንዳለባት ግን አላወቀችም።