ያልሞቀው ማጉያ

ኢንስፔክተር ሎሚ ከአዳማ ወጣ ብሎ ካለው የሬዲዮ ማሰራጫ ስትደርስ፣ የወጣቱ መሐንዲስ የሚኪያስ ሬሳ አንቴናውን በተሸከመው ማማ ሥር በነጠላ ተሸፍኖ ነበር። ነጠላውን ገለጥ አድርጋ ማማ ሲወጣ ራሱን የሚያስርበትን የወገብ ቀበቶ አየች። መንጠቆው አልተሰበረም፤ መቆለፊያው ግን እስከ ጫፉ ተፈትቷል።

«ይሄ በራሱ አይፈታም» አለች። «አጠገቡ ሰው ነበር።»

ግቢው ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው። ሥራ አስኪያጇ ሸዋወርቅ ሦስት ሰዓት ላይ ሚኪያስ ወደ ማማው ሲሄድ በመስኮት አይታዋለች፤ ዘበኛው ባጫ ሬሳውን ያገኘው ከሃያ ደቂቃ በኋላ ነው። ሦስተኛው ሃያ ሁለት ዓመት በቴክኒሻንነት ያገለገሉት ጋሽ አምባዬ ናቸው።

«እኔማ ስልክ ላይ ነበርኩ» አለች ሸዋወርቅ። «ከቦርዱ ጋር፤ ጠይቂያቸው። ስለ አዲሱ ማጉያ ነበር የምናወራው።»

«ምን የተለየ ነገር አለው?»

«አሮጌው ሞገዱን አጉልቶ ወደ አንቴናው ሲልክ የመብራቱን ግማሽ በሙቀት ይጨርሰዋል። ሞገድ በተቀየረ ቁጥር ደግሞ ጋሽ አምባዬ እጃቸው እየተቃጠለ ሃያ ደቂቃ ያስተካክሉታል። ሚኪያስ የሠራው አዲሱ ግን የጣቢያውን ሞገዶች ሁሉ ያለ ማስተካከያ ይይዛል፤ አይሞቅምም። ሰኞ ልናስመርቀው ነበር።»

«ጋሽ አምባዬስ ከሰኞ በኋላ?»

ሸዋወርቅ አቀረቀረች። «የስንብት ደብዳቤያቸውን ትናንት ሰጥቻቸዋለሁ።»

ባጫ በር ላይ ትንሽ ሬዲዮ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ቆሟል።

«አካም፣ ባጫ። ይሄን ነገር ዝም የሚያሰኘው የለም?»

«ቀንሼዋለሁ እኮ፣ ኢንስፔክተር! ወንድሜ መቂ ሽንኩርት አለው፤ ዋጋ ካልነገርኩት ይገለኛል። ሦስት ሰዓት ላይ ጣቢያው ከሌሊቱ ሞገድ ወደ ቀኑ ሲያልፍ እኔም አዞራለሁ። ሌላ ቀን ሃያ ደቂቃ ሙሉ ሲያፏጭ ነው የሚቆየው። ዛሬ ገና ሳዞረው ዋጋ እያነበቡ! እየሰማሁ በስልክ ስነግረው ነበር።»

ጋሽ አምባዬ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። መዳፋቸው በድሮ ቃጠሎ ተጨማዷል።

«ሦስት ሰዓት ላይ የት ነበሩ፣ ጋሼ?»

«የት እሆናለሁ? ማጉያው ክፍል። ባጫ እስኪጮህ ድረስ ሞገድ ሳስተካክል ነበር። እሳት ነው የሚተፋው፣ ያ ማሽን።»

«ማለዳ ማን አስነሳው?»

«ማለዳ የሚኪያስ ተራ ነው።»

ሎሚ ብቻዋን ወደ ማጉያው ክፍል ገባች። ሁለት ቦታ ደወለች። ከዚያ ሦስቱንም አስጠራቻቸው።

«የባጫ ሬዲዮ እያወራ ነው አይደል? እስቲ አሮጌውን ማጉያ ንኪው» አለቻት ሸዋወርቅን።

«ውይ! ቀዝቃዛ ነው።»

«ሚኪያስ ሰኞን አልጠበቀም። ማለዳ የአንቴናውን ገመድ ወደ አዲሱ አዛወረው። ሦስት ሰዓት ሲሆን ሞገዱ ማንም ሳይነካው ሰዓቱን ጠብቆ ተቀየረ፤ ባጫ ፉጨት ያልሰማው ለዚህ ነው። ለሸዋወርቅ ቦርዱ፣ ለባጫ ወንድሙ መስክረዋል። አንድ ሰው ብቻ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ያልተነሳ ማሽን ሲያስተካክል እንደነበር ነገረኝ። ዛሬ እዚህ ገብተው ቢሆን ኖሮ፣ ጋሼ፣ እንዲህ አይሉኝም ነበር።»

ጋሽ አምባዬ አሮጌውን ማጉያ ራሳቸው ነኩት።

«ገመዱን አብረን እንይ ብሎ ማማው ላይ ጠራኝ። ደብዳቤው ኪሴ ውስጥ ነው። እሱ እየሳቀ ‹ጋሼ፣ ከእንግዲህ እጅዎ አይቃጠልም› አለኝ። አፌዘብኝ። መንጠቆውን ፈትቼ ገፋሁት። ስወርድ የባጫ ሬዲዮ በቀኑ ሞገድ ሲያወራ ሰማሁ፤ ልጁ አስተካክሎት የወጣ መሰለኝ። እኔ ነኝ ያስተካከልኩት አልኩ። በዚያ ሰዓት ሌላ ምን እላለሁ? ሃያ ሁለት ዓመት የምለው እሱን ነው።»

«ሚኪያስ ስለ ደብዳቤው አያውቅም ነበር» አለች ሸዋወርቅ። «እሳቸው ከሌሉ እኔም የለሁም ይለኛል ብዬ ደበቅኩት።»

ጋሽ አምባዬ ወደ አዲሱ ማጉያ ተጠግተው ጠባሳማ መዳፋቸውን ጫኑበት።

«አሁን እየሠራ ነው?»

«እየሠራ ነው» አለች ሎሚ።

ሬዲዮው የመቂን ቲማቲም ዋጋ ጀመረ። ሰውዬው እጃቸውን ከብረቱ ላይ ያነሱት ካቴናው ሲቀርብላቸው ብቻ ነው።