ገጽ ስልሳ አንድ

የአውራጃው ፖሊስ አለቃ ሸሪፉ አልደር ክሪክ በተባለው የሴቶች መሬት በር ላይ ግማሽ ሰዓት ቆሞ ተከራከረ። በሩ ላይ «ወንድ አይገባም» የሚል ሳንቃ ተቸንክሯል፤ ከበሩ ወዲያ አንዲት ቀጭን ወጣት መጥረቢያ ይዛ ቆማለች። እንጨት ስትፈልጥ ነበር የተጠራችው፤ መጥረቢያውን ማስቀመጥ ትዝ አላላትም። በመጨረሻ ሸሪፉ ወደ መኪናው ተመልሶ በሬድዮ ቬርና ኮልን ጠራ።

ቬርና በአውራጃው የሟቾችን አሟሟት የምታጣራ የስልሳ ዓመት ሴት ናት። ደርሳ ከመኪናዋ ስትወርድ ሸሪፉ የእጅ ሰዓቱን አሳያት።

«እስከ አስር ሰዓት የገዳዩን ስም ይዘሽልኝ ውጪ። ካልሆነ ሰዎቼን ይዤ እገባና ያለችውን ሴት ሁሉ በሙሉ ስሟ መዝግቤ ከተማ እወስዳለሁ። ጋዜጠኞቹ ከአሁኑ መደወል ጀምረዋል።»

ጊዜው ስድስት ሰዓት ተኩል ነበር። «ይበቃኛል» አለች፤ ለመብቃቱ ግን እርግጠኛ ሳትሆን መኪናዋን ይዛ ገባች።

ሟቿ ማርሊስ ኦስትራንደር ትባላለች፤ ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው። ከስምንት ዓመት በፊት ይህን ዳገታማ መሬት ከፍቅረኛዋ ከዶርካስ ጋር ገዝታ፣ ከወንድ ተለይተው መኖር ለሚሹ ሴቶች የከፈተችው እሷ ናት። በድሮው የላም በረት ውስጥ የእጅ ማተሚያ ተክላ መጽሐፍ ታወጣለች። አሁን በሥራ ላይ የነበረው የዚሁ መሬት ታሪክ ነው።

በማተሚያው እግር ስር በጎኗ ወድቃለች። ጭንቅላቷ ከብረቱ ጠርዝ ጋር ተጋጭቷል። ከወገቧ በላይ ከሽርጥ በቀር የለበሰችው የለም፤ ሰማያዊ ሸሚዟ ሁለት እርምጃ ርቆ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። በቀኝ እጇ ወረንጦ ጨብጣለች።

ቬርና አስከሬኑን አይታ ስትጨርስ ክፍሉን ዞረች። የሴፕቴምበር ሙቀት ጣሪያውን እያንጣጣው ምድጃው ግን ገና አልበረደም ነበር፤ ውስጡ ተደራርቦ የተቃጠለ ወረቀት ሞልቶታል። ታትመው ያለቁት ገጾች እስከ ስልሳ ድረስ መደርደሪያ ላይ ናቸው፤ ማንም አልነካቸውም። ገጽ ስልሳ አንድ ሳይታተም በብረት ማቀፊያ ታስሮ ድንጋይ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል፤ ከእርሳስ ብረት የተቀረጹ ጥቃቅን ፊደላት፣ እንደ መስታወት ምስል የተገለበጡ። አባቷ የትንሽ ከተማ ጋዜጣ ያትሙ ነበር፤ ቬርና ያደገችው ከትምህርት ቤት መልስ ለህትመት ፊደል እየለቀመችና እየደረደረች ነው። መነጽሯን አድርጋ ረጅም ጊዜ አጎነበሰች። ቀና ስትል ጥድፊያዋ ረግቦ ነበር።

ባለመጥረቢያዋ ወጣት ቲልዳ በር ላይ ትጠብቃት ነበር። ዩኒቨርሲቲ አቋርጣ ከመጣች ገና ስድስት ወሯ ነው። አምስት ሰዓት ላይ አስከሬኑን ያገኘችውም እሷ ናት።

«ግሪብ ነው» አለች። «ጎረቤታችን፣ እንጨት ቆራጩ። ባለፈው ክረምት ውሻችንን ተኩሶ ገድሏል። ዛሬ ጠዋት መኪናው ታች መንገድ ላይ ስታልፍ አይቻለሁ።»

«ቆመች?»

«አልቆመችም። በእግሩ ሊመለስ አይችልም እንዴ? የእርስዎ አለቃ እንደሆነ ወዳጁ ነው።»

«አለቃዬ ወዳጅ የለውም። ጠዋት እዚህ እነማን ነበራችሁ?»

«እኔ፣ ሴዳር፣ ዶርካስ። ሌሎቹ ሸለቆው ውስጥ የፒር ፍሬ ለቀማ ተቀጥረው ሄደዋል።»

«ማተሚያው ላይ የሚሠራውስ?»

«ሴዳርና እኔ ለማርሊስ ፊደል እንለቅማለን። ዶርካስ ደጁንም አትረግጥም። ቀለሙ ራሴን ያመኛል ትላለች። እውነቱ ግን ከማርሊስ ጋር ከተለያዩ ወዲህ የሚነጋገሩት እሁድ እሁድ በስብሰባ ብቻ ነው።»

«ምድጃው ውስጥ ያለው ምንድን ነው?»

ቲልዳ መደርደሪያውን አየችና ፊቷ አመድ መሰለ። «ረቂቁ! ከስልሳ አንድ ጀምሮ ያለው በሙሉ የለም። ለእርማት የታተሙት ናሙናዎችም።»

ሴዳር ወጥ ቤት ውስጥ ፒር ትልጥ ነበር። ሰላሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ እጇ ፈጣን፣ ዓይኗ ቀይ።

«ስምሽ?» አለች ቬርና።

«ሴዳር።»

«ወላጆችሽ ያወጡልሽ።»

ቢላው ቆመ። «ከጻፍሽው ልጄን ወሰድሽብኝ ማለት ነው።»

ቬርና ብዕሯን ኪሷ ከተተች። «ይኸው። ንገሪኝ።»

«ኮንስታንስ ፕሩዊት። ልጄ ጁኒ ስምንት ዓመቷ ነው። አባቷ አይዳሆ ግዛት ሆኖ ይከሰኛል፤ ማክሰኞ ቀጠሮ አለን። ዳኛው አንድ እርሻ ላይ ተቀጥሬ የምሠራ ነው የሚመስለው። ሴት የምወድ ሴት መሆኔን፣ ከሴቶች ጋር ብቻ መኖሬን ቢያውቅ ልጅቷን ለአባቷ ለመስጠት አንድ ሰዓት አይፈጅበትም። የሁለት ጓደኞቼን ልጆች እንዲህ ሲወስዱ አይቻለሁ።»

«የማርሊስ መጽሐፍስ?»

«ሙሉ ስሜን ነው የጻፈችው። የእኔ ታሪክ የሚጀምረው ገጽ ስልሳ አንድ ላይ ነው። እሁድ ክብ ሠርተን ተቀመጥን። እዚህ በስብሰባ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረውን ድንጋይ የያዘች ብቻ ናት የምትናገረው፤ አንዲት እምቢ ካለች ደግሞ ነገሩ አለቀ። ስሜ ይቀየርልኝ ብዬ ለመንኩ። ሁሉም እሺ አሉ። ማርሊስ ብቻ ‹አርባ ዓመት በውሸት ኖሬአለሁ፤ በመጽሐፌ የውሸት ስም አይገባም› አለች።»

«ጠላሻት?»

«አንቺ ብትሆኚስ?»

«ዛሬ ጠዋት የት ነበርሽ?»

«ፍሬ ዛፎቹ መሃል፣ ብቻዬን። ምስክሬ የዶርካስ መዶሻ ነው፤ እሱን ስሰማ ነበር። አራት ሰዓት ገደማ ቆመና ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቀጠለ። ሌላ የማውቀው የለኝም። እኔ ነኝ ካልሽም በይ።»

ዶርካስ አዲስ በሚሠራ ትንሽ ቤት ጣሪያ ላይ ነበረች፤ ስልሳ ሊሞላት ነው፤ ትከሻዋ ሰፊ፣ አፏ በሚስማር የተሞላ።

«ውረጂልኝ» አለች ቬርና።

«አንቺ ውጪ። መሰላሉን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ አይጥልሽም።»

ቬርና ወጣችና አጠገቧ ተቀመጠች። «ቤቱ የማን ነው?»

«የጁኒ ክፍል ነው። ልጅ ከእናቷ ጉያ ስር እስከ መቼ ትተኛለች?»

«ከማርሊስ ጋር ስንት ዓመት ኖራችሁ?»

«አስራ አንድ። እሷን ብትጠይቂያት አስራ ሁለት ትልሽ ነበር፤ የተኳረፍንበትንም ትቆጥራለች።» ልትስቅ ብላ ተወችው።

«ዛሬ አይተሻታል?»

«ከእሁድ ወዲህ አላየኋትም።»

«ጠረጴዛው ላይ ያለውን ገጽስ?»

«እኔ የማነበው ሳንቃ ነው። የእነሱ ፊደል ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ዓይኔ እምቢ ይለዋል። መጽሐፍ ሌላ ይጻፋል፣ ወይዘሮ። ልጅ ግን ሌላ አትመጣም።» መዶሻዋን አነሳች።

ቬርና ወደ በሩ ወርዳ በሸሪፉ ሬድዮ አንድ ጥያቄ አስጠየቀች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሦስቱን ሴቶች ክብ በሚሠሩበት ዛፍ ስር ሰበሰበቻቸው። ቲልዳ ለስላሳ የወንዝ ድንጋይ አቀበለቻት።

«ያለ እሱ መናገር የለም።»

«ተያት፣ እንግዳ ናት» አለች ዶርካስ።

ቬርና ድንጋዩን ያዘች። «መጀመሪያ ግሪብን ከጥርጣሬ እናስወጣው። ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት እንጨት መሰንጠቂያው ውስጥ ነበር፤ አርባ ሰው አይቶታል። ይህ ባይሆን እንኳ አልጠረጥረውም ነበር። እዚህ ወንድ ሲመጣ ምን ታደርጋላችሁ?»

«ሸሚዝ እንለብሳለን» አለች ቲልዳ፤ ወዲያው የተናገረችው ገባትና አፏን ያዘች።

«የማርሊስ ሸሚዝ እጇን ብትዘረጋ ትደርስበት ነበር። አላነሳችውም። ስለዚህ የገባችው ሴት ናት፤ የምታፍራት ሴት አይደለችም።»

«እኔ ነኝ ማለትሽ ነው» አለች ሴዳር። «የተቃጠለው የእኔ ታሪክ ነው።»

«ያንቺ ታሪክ መቃጠሉ ምክንያቱን ይነግረኛል፤ ማን እንዳደረገችው ግን አይነግረኝም። ቲልዳ፣ አንድ ገጽ ማጥፋት ብትፈልጊ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ማሰሪያውን ፈትቼ እበትነዋለሁ። ፊደሉ እንደተደረደረ ከቆመ መቶ ቅጂ ማተም—» ቆመች። ቀስ ብላ ወደ ዶርካስ ዞረች።

«ሴዳርም እንደዚያ ታደርግ ነበር» አለች ቬርና። «ፊደል ለቅማ የምታውቅ ሁሉ ታደርገዋለች። የገባችው ግን ወረቀቱን አቃጥላ ገጹን እንዳለ ትታው ሄደች። ስም የሚኖረው ወረቀት ላይ ብቻ የሚመስላት አንዲት ናት። መዶሻዋም ለግማሽ ሰዓት ዝም ብሎ ነበር።»

ዶርካስ አልካደችም። መዳፎቿን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ተመለከተቻቸው።

«ልለምናት ነው የገባሁት» አለች። «አጎንብሳ ትሠራለች። ልጅቷን ሊወስዷት ነው አልኳት። ዝም። አንድ ጊዜ ቀና ብላ ‹ዓይን ካለሽ ፊትሽ ያለውን አንብቢ› አለችኝ። እንደማላነበው እያወቀች። ያሾፈችብኝ መሰለኝ። ገፋኋት። ሌላ ያደረግኩባት የለም፤ ገፋኋት፤ ከወደቀች በኋላ ወረቀቱን አቃጠልኩ።»

«አላሾፈችም» አለች ቬርና። መናገር አልፈለገችም፤ ግን ሌላ ሰው ቢነግራት የባሰ ይሆናል። «ገጹን አንብቤዋለሁ። የሴዳር ስም አራት ቦታ ነበር። ሦስቱ ወጥተው ሌላ ስም ገብቶባቸዋል። አራተኛው ተነቅሎ ቦታው ባዶ ነው፤ የወጡት ፊደላት ጎኑ ተቀምጠዋል። ወረንጦው በእጇ የነበረው ለዚህ ነው። የገባሽው ስሙን ስታወጣ ነው።»



«ታዲያ ለምን አልነገረችንም?» አለች ሴዳር።

«እሁድ ልትነግረን ይሆናላ» አለች ቲልዳ እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች። «ማርሊስን አታውቂያትም? ሁላችን ፊት እምቢ ያለችውን በጓሮ እሺ አትልም።»

ዶርካስ ወደ ቬርና ዞረች። «ጥፋተኛ ነኝ ካልኩ ምስክር ይጠራል?»

«አይጠራም።»

«ከተከራከርኩስ?»

«የገፋሽው በንዴት ነው፤ ጥሩ ጠበቃ ቅጣትሽን በግማሽ ያስቀንሰዋል። ግን ሴዳር በሙሉ ስሟ ትጠራለች። ለምን እንደገፋሽም ይጠየቃል።»

«እንግዲያው ተጣላንና ገፋኋት። የድሮ ፍቅረኞች ነን፣ ለጠብ ምክንያት አናጣም። እሱን ጻፊ፣ ልፈርም።»

«ዶርካስ» አለች ቬርና፤ «እርጅናሽን በሙሉ እስር ቤት ልትጨርሺው ነው።»

«ጻፊ አልኩሽ።»

ሴዳር ዶርካስ ፊት ቆመች። «እኔ ይህን አልለመንኩሽም።»

«አውቃለሁ።»

«ከእንግዲህ ልጄን ባየሁ ቁጥር ማርሊስን አስባለሁ። የሰጠሽኝ ይህን ነው። ልጄ ብትቀርልኝም ያስቀረሽልኝ አንቺ ነሽ። እንዴት ልጥላሽ? እንዴትስ ልውደድሽ?»

ዶርካስ ብዕሩን ከቬርና ተቀበለች። ፈረመች።

ቬርና መኪናዋን እየነዳች ወደ በሩ ስትደርስ የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ገና መንቀሳቀሱ ነበር። ዶርካስ ከኋላ ተቀምጣ በመስኮቱ ወደ ሌላ አቅጣጫ ታያለች። በአቋራጭ ሮጣ የደረሰችው ሴዳር ከአንዲት ጠቃጠቆ ፊት ልጅ ቦርሳዋን ተቀበለች።

ሸሪፉ በመስኮቱ የተሰጠውን ወረቀት አነበበ። «ሁለት ስም ብቻ? ሌሎቹስ?»

«የሞተችውና ጥፋተኛ ነኝ ያለችው። ሕጉ የሚፈልገው ይህን ነው።»

«እዚህ ልጅ አለ እንዴ?» ሸሪፉ ወደ መንገዱ ማዶ አሻግሮ አየ። ብዕሩን አወጣ። «የማን ናት?»

«የእናቷ» አለች ቬርና፣ መኪናዋንም አንቀሳቀሰች።