ዘጠኝ ያላልኩበት ቀን

ወዳጄ፣ እኔ መንፈስ፣ ጥላ፣ የቀትር ጋኔን ምናምን የሚባል ነገር አምኜ አላውቅም፣ እናቴ «በቀትር ብቻህን አትቀመጥ» ስትለኝ ሆን ብዬ ወጥቼ የምጋደም ልጅ ነበርኩ፣ ስለዚህ ይህን ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ ስቄ ነበር የማልፈው።

የምኖረው ከአገሬ ውጭ፣ በወደቡ ከተማ ካርቲየ ሰባት በሚባል ሰፈር ነው፣ ሐጃ ፋጡማ የሚባሉ ድሬዳዋ ያደጉ ሴትዮ ግቢ ውስጥ፣ አንዱን ክፍል በስስ ጣውላ ለሁለት ከፍለው ግማሹን ለእኔ አከራይተውኛል። ሥራዬ ለአገሬ ሾፌሮች የወደብ ወረቀት ማስጨረስ ነው፣ በተበላሹት ወረቀቶች ጀርባ ደግሞ ግጥም እጽፋለሁ። ባለፈው ዓመት ግን መጻፉም ቀረ፣ ደረቴ ላይ ኮንቴይነር አውርደው የረሱት ይመስል ጠዋት መነሳት አቃተኝ፣ ሰው ስሜን ሲጠራ ልቤ ትደነግጣለች፣ እንቅልፍ የለ፣ ምግብ የለ። ታደሰ የሚባል ሾፌር ነው ነገሩን ያወቀብኝ።

«ድባቴ ነው» አለኝ፣ «እኔንም መኪናዬ ከተገለበጠ በኋላ ይዞኝ ነበር። አዳማ ላይ አንዲት ነርስ አስተማረችኝ። ጀርባህን ግድግዳ ታስደግፋለህ፣ ዓይንህን ትጨፍናለህ፣ ትንፋሽህን እስከ አሥር ትቆጥራለህ። ሐሳብህ ከሸሸ ወደ አንድ መመለስ ነው፣ አሥር ስትል ዓይንህን ገልጠህ ትነሳለህ።»

«እስከ አሥር ለመቁጠር ነው ነርስ ያስፈለገህ?»

«ቀልድ አንተ። ሞክረውና አሥር ስትደርስ ደውልልኝ።»

እመነኝ፣ የመጀመሪያውን ሳምንት ከአራት አላለፍኩም። የምቀመጠው ከምሳ በኋላ ነበር፣ የዕለቱ ጫት ከአገር ቤት ደርሶ፣ ሱቁ ተዘግቶ፣ ከተማው በሙሉ በየጥላው ሲጋደም። ቀስ እያለ አሥር ደረስኩ፣ ኮንቴይነሩ ባይነሳም ትንሽ ፈቀቅ አለ።

በዚያ መሐል ነው ሰሚራ ከጣውላው ማዶ የገባችው፣ የወሎ ልጅ ናት፣ ወደ የመን የሚያሻግራትን ጀልባ የምትጠብቅ። በሁለተኛው ቀን ስታለቅስ ሰማኋት።

«ምን ሆንሽ እኅቴ?»

«ባሕሩን ሳስበው ትንፋሽ ያጥረኛል ወንድምዬ።»

ሐጃ «እሷ ክፍል እግርህ የገባ ቀን ዕቃህን ከውጭ ታገኘዋለህ» ብለውኛል፣ ስለዚህ በጣውላው በኩል አስተማርኳት፣ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠን፣ እኔ አንድ ስል እሷ ሁለት፣ እኔ ሦስት ስል እሷ አራት። ከመናገሯ በፊት ጣውላውን በጥፍሯ አንዴ መታ ታደርጋለች፣ «ተራዬ ነው» ለማለት።

«ሁልጊዜ አንተ ትጀምራለህ» አለችኝ አንድ ቀን፣ «የምጨርሰው ግን እኔ ነኝ።»

ሐሙስ ዕለት ደላሎቹ ጀልባው ወደሚነሳበት ወደ ኦቦክ ወሰዷት። ስሻገር እደውላለሁ ብላ ነበር። አሥራ ሁለት ቀን ሆነ፣ ስልኳ ዝግ ነው፣ ክፍሉም ተቆልፎ ቁልፉ ሐጃ አንገት ላይ ነው። እኔ ደግሞ ባሕሩን የምትፈራን ልጅ ፍርሃቷን አስታግሼ የሸኘኋት እየመሰለኝ፣ ያው ኮንቴይነር ተመልሶ መጣ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከምሳ በኋላ መብራት ሄደ፣ ቬንቲላተሩ መዞር አቆመ፣ ግቢው ጭር አለ። ተቀመጥኩ። አንድ አልኩ፣ ከልማዴ የተነሳ ለሁለት ቦታ ትቼ ሦስት አልኩ። በአራት ቦታ ጣውላው መታ ሲል ሰማሁ። እንጨቱ በሙቀት እየተሰነጠቀ ነው አልኩ። አምስት። በስድስት ቦታ ሰው አየር ሲስብ ሰማሁ፣ የእኔ አይደለም፣ እኔ እያወጣሁ ነበር። አሁንም ለራሴ የምነግረው ምክንያት አላጣሁም፣ አይጥ፣ ንፋስ፣ የድካም ብዛት። ሰባት አልኩ።

«ስምንት።»

የሰሚራ ድምፅ ነበር፣ ቀስ ብላ፣ ረጅም መንገድ በእግሩ የመጣ ሰው እንደሚናገር። ዘጠኝ አላልኩም። ወጥቼ ሮጥኩ።

ሐጃ ምንጣፍ ላይ ተጋድመው ራሳቸውን በካርቶን እያራገቡ ነበር።

«ሐጃ፣ ሰሚራ ተመልሳለች?»

«አንተ ልጅ፣ ፀሐይ መታህ እንዴ?»

እያጉረመረሙ ከፈቱልኝ። ባዶ ነው። ወለሉ ላይ አቧራው እንዳለ ነው፣ የሰው እግር አልነካውም። ጣውላው ላይ ግን፣ የተቀመጠ ሰው ጀርባ በሚያርፍበት ቁመት፣ የጀርባ ስፋት ያለው እርጥበት አለ። ሐጃ ቀረብ ብለው በጣታቸው ነኩት፣ ጣታቸውን አሸተቱ፣ በቀሚሳቸው ጠረጉት።

«ሙቀቱ ነው» አሉ። «በዚህ አገር ግድግዳም ያልበዋል።»

በእኔ በኩል ያለው ገጽ ደረቅ ነበር። ሐጃም ከዚያን ቀን ጀምሮ ለጠየቃቸው ሁሉ ክፍል የለም ይላሉ፣ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም።

ታደሰ በመጣ ቁጥር «ቁጠር እንጂ ወንድሜ፣ ፊትህን አይተኸዋል?» ይለኛል። ስለ ሰሚራ ስነግረው «የተዘጋ ስልክ ሁሉ የሞተ ሰው አይደለም» አለኝ፣ እውነቱን ነው፣ እኔም ያንኑ ነው የምይዘው። ስምንት ማለቷን ግን ደፍሬ አልነገርኩትም።

እንቅልፍ የለኝም፣ ደክሞኛል፣ የሚያሳርፈኝ ያ ቆጠራ ብቻ እንደሆነም አውቃለሁ። ግን ዘጠኝ ብዬ አሥር ብትለኝ፣ አሥር ያለ ሰው ተነስቶ ይሄዳል። ዝም ብትለኝ ደግሞ ጭራሽ የለችም ማለት ነው።

ትናንት መብራት ሲሄድ ጀርባዬን አስደግፌ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ፣ አልቆጠርኩም። ጣውላው መታ አለ፣ አንዴ። ቆይቶ ደግሞ አንዴ። ተራዋን የምትጠብቅ ሳይሆን ዘጠኝ እንድል ተራዬን የምታስታውሰኝ ትመስል ነበር።