የፍሬሕይወት እትብት

እትብት መሬት ውስጥ መቅበር ከቀረ ስልሳ ዓመት አልፎታል፤ አሁን እያንዳንዱ ሰፈር የእትብት ቤት አለው። ልጅ ሲወለድ ከእትብቱ ደም ግንደ ህዋስ፣ ማለትም ሙያውን ገና ያልያዘ ህዋስ፣ ይቀዳና በብልቃጥ ይቀዘቅዛል። የቤቱ ጠባቂ ትርሲት ስንቱን ብልቃጥ ከፍታለች! ዛሬ የከፈተችው ግን የገዛ ልጇን ብልቃጥ ነው። የስድስት ዓመቷ ፍሬሕይወት መቅኔ ደም መሥራት አቁሟል፤ ያለዚህ ብልቃጥ ወር አትዘልቅም።

ህዋሶቹን «አስተማሪ» በሚባለው ፈሳሽ ነከረቻቸው። ደም እንዲሆኑ የሚያዛቸው እሱ ነው። በሦስተኛው ቀን ክዳኑን ስታነሳ ደም የለም፤ ከሳህኑ ሥር ነጭ ፍርፋሪ ተኝቷል። በመቆንጠጫ ነካችው። አጥንት!

«ወይ ጉድ!»

የእትብት ደም ህዋስ ደም ይሆናል እንጂ አጥንት አይሆንም። አጥንት የሚሆነው ከሆድ ስብ የሚወሰደው ዓይነት ነው፤ ደም ሁን ሲባል አቃተውና የሚያውቀውን ሆነ። የማን እንደሆነ ዘር በሚለይ መሣሪያ አስነበበችው። «ምንትዋብ» አለ። ታላቅ እህቷ! ከእሷ በፊት የዚህ ቤት ጠባቂ የነበረችው፣ ሙያውን ያስተማረቻት።

ምንትዋብ ስትጠራ መጣች፤ አልካደችም።

«ከአራት ዓመት በፊት ልጄ ሶስናዬ ልትሞትብኝ ነበር። የራሷ ብልቃጥ ተበላሽቶ ነበር። የልጅሽን ሰጠኋትና ከሆዴ ስብ የተቀዳውን ተካሁበት።»

«ብትጠይቂኝ እከለክልሽ ነበር?»

«እምቢ ብትይኝስ?»

«እትዬ፣ የእናቴ ልጅ አይደለሽም? አራት ዓመት ሙሉ ልጄን ስትስሚያት ትንሽ አይሰቀጥጥሽም?» ባመኑት መከዳት እንዲህ ያንገበግባል።

ድንገት አንድ ነገር ትዝ አላት። ግንደ ህዋስ ራሱን ይተካል፤ የተሰረቀው ህዋስ ሶስና መቅኔ ውስጥ እስከ ዛሬ ይራባል።

«ሶስናን አምጪልኝ። ከመቅኔዋ ጥቂት ቢቀዳ ይበቃል።»

ምንትዋብ ወደ በሩ አፈገፈገች። «ልጄን አታስወጊብኝም! ሕመሟ ቢመለስስ?»

ሁለተኛ ክዳት። ትርሲት አልቅሳ አነጋች።

በማግስቱ የአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ሶስና ብቻዋን መጣች። ሁሉን ሰምታለች።

«አክስቴ፣ የፍሬ ነው፤ ውሰጂላት።» አልጋው ላይ ወጣች። «እማዬ ውጭ ቆማለች፤ ይቅር በያት።»

ትርሲት ሳህኑን አሳየቻት። «ይኸው፣ አጥንት ሆኗል። መልሼ ግንደ ህዋስ ላደርገው አልችልም።»

«ሰውም እንደዚያ ነው?»

ትርሲት የሶስናን ግንባር ስማ መርፌውን አነሳች። በሩን ግን አልከፈተችም።