ኮከብ የሌለው ሊንክ

የሚለያያቸው መስታወት ነበር። ከወለል እስከ ጣሪያ የደረሰ ወፍራም መስታወት፤ ያሳያል እንጂ አያሰማም። ከወዲህ ጸሐፊዎቹ፣ ከወዲያ የገቢ ክፍል ሠራተኞች ይቀመጣሉ። መሀሉ ላይ በር አለ፤ በሥራ ሰዓት ግን ማንም አያልፍበትም።

መሥሪያ ቤቱ ለሰው ገንዘብ የሚያስቆጥብ ምክር በነጻ የሚሰጥ ድረ ገጽ ነው። የትኛው ፍሪጅ መብራት አይበላም፣ የትኛው የስልክ ጥቅል ያዋጣል፣ የትኛው ኢንሹራንስ በክፉ ቀን ሜዳ ላይ አይጥልም፤ ይህን ሁሉ ፈትኖና አወዳድሮ ይጽፋል። አንባቢው ቤሳ አይከፍልም። «ታዲያ እናንተ ምን በልታችሁ ታድራላችሁ?» ብሎ የማይጠይቅ ዘመድ የለም።

መልሱ አንዲት ትንሽ ኮከብ ናት። ከጽሑፉ ግርጌ ወደ ሻጩ የሚወስድ ሊንክ አለ። አንባቢው በዚያ ገብቶ ከገዛ፣ ሻጩ ለድረ ገጹ ኮሚሽን ይከፍላል። የሚከፍለው ሊንክ አጠገቡ ኮከብ ይደረግበታል፤ አንባቢ አውቆ እንዲገባ። የማይከፍለው ባዶውን ይቀመጣል። ድረ ገጹን ያቋቋሙት ሽማግሌ ትተውት የሞቱት ሕግ ደግሞ ይህ ነው፦ ጸሐፊ ማን እንደሚከፍል ሳያውቅ ይጽፋል። ጽሑፉ ካለቀ በኋላ ብቻ ከመስታወቱ ወዲያ ይተላለፍና ሊንክ ይፈለግለታል። የሚከፍል ከተገኘ ተገኘ፤ ካልተገኘም ጽሑፉ እንዳለ ይወጣል።

ኮከቡን የምታስቀምጠው እሷ ነበረች። ስለዚህ ሁሉም «ባለኮከቧ» ይላታል።

እሱን ደግሞ «ሚዛን» ይሉታል። ጠረጴዛው ላይ ትንሽ የወጥ ቤት ሚዛን አለችው። የልብስ ሳሙና ይመዝንባታል፣ ብስኩት ይመዝንባታል፤ አንድ ቀን የገዛ ምሳውን ሲመዝን ተይዟል።

ሊፍቱ በተበላሸበት አንድ ዝናባማ ጠዋት ደረጃው ላይ ተገናኙ። እሱ ሁለት ፌስታል ሙሉ ካልሲ ተሸክሞ ይወጣል። ከኋላው የነበረችው እሷ አንድ ካልሲ አነሳች፤ ትንሽ ቆይታ ሌላ አነሳች።

«ካልሲ እየዘራህ ነው» አለችው።

ደንግጦ ዞረ። «የማን የማን እንደሆኑ እንኳ አላውቅም።»

«ሰርቀህ ነው?»

«ኧረ ለምኜ ነው! የልብስ ማጠቢያ ማሽን እየፈተንኩ ነው። አንዳንዱ ማሽን አንዱን እግር ይውጣል።»

«የትኛው ነው የሚውጠው?»

አፉን ከፈተና መልሶ ገጠመው። «አንቺ ከመስታወቱ ወዲያ ነሽ» አለ። «ጽሑፉ ሳያልቅ ለአንቺ መንገር አልችልም።»

ሳቀች። ለካልሲ ምሥጢር እንዲህ የሚጨነቅ ሰው አይታ አታውቅም። ያነሳቻቸውን ስትሰጠው ጣቶቻቸው ተነካኩ፤ ሁለቱም እንዳልተነካካ ሰው ሆነው ደረጃውን ቀጠሉ።

ከዚያ በኋላ ያ መስታወት ሥራ በዛበት። ቀና ስትል ያያታል፤ ቀና ሲል ታየዋለች። ጠዋት ጠዋት ቁርሱን ሚዛኑ ላይ አስቀምጦ ከሩቅ ያሳያታል፤ እሷም «ትንሽ ነው፣ ጨምር» ትለዋለች በእጇ። ማታ አብረው ወደ አውቶቡስ ፌርማታ ይሄዳሉ። አውቶቡሱ ሲመጣ «የሚቀጥለው ይሻላል» ይባባላሉ፤ የሚቀጥለውም ሲመጣ እንደዚያው።

አንድ ውል ነበራቸው፤ ስለ ሥራ አያወሩም። ስለ ልጅነታቸው አወሩ፣ ስለ ሠርጋቸው አወሩ፣ ስለሚከራዩት ቤት መስኮት እንኳ ተከራከሩ። ስለ ሥራ ግን ትንፍሽ አላሉም።

እናቷ ጡረታ የወጡ የስልክ ኦፕሬተር ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከተማን ከከተማ ሲያገናኙ ኖረው፣ አሁን ጆሯቸው ከዳቸው። እሱ መጀመሪያ ቤታቸው የመጣ ቀን በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ «እንደምን ዋሉ፣ እማማ?» አላቸው።

«አዎ፣ ከላይ ያለው ፎቅ ነው» አሉት።

ባለኮከቧ እየሳቀች ጆሯቸው ሥር ጠጋ ብላ ደገመችላቸው። እሳቸውም ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ብዙ አልቆየም።

«አየህ ልጄ፣ ስንቱን ሰው ከስንቱ ጋር አገናኝቻለሁ» አሉት። «ዛሬ የገዛ በሬ ሲንኳኳ አልሰማም።»

ነገሩ አንጀቱን በላው። ወዲያው ስለ መስሚያ መሣሪያዎች ለመጻፍ አስፈቀደ። በዕድሜ የገፉ ሰዎችን ይዞ ከሻጭ ሻጭ ዞረ፤ እናቷም ከእነሱ ጋር ነበሩ። አንድ ቀን እናትየው ፊታቸው በርቶ ተመለሱ።

«ከሰዓት አዳሹ ቤት ጀርባ ያለችው ጠባብ ወርክሾፕ ናት፣ ከሁሉም የበለጠችው» አሉ። «አንድ ሽማግሌ ብቻቸውን ይሠራሉ። የጆሮዬን ልክ ወስደው በእጃቸው አስተካከሉልኝ። ከዚያ ደጅ ስወጣ አንድ ነገር ኮሽ አለብኝ። ለካ የራሴ እግር ነው፤ ጠጠር ላይ ስራመድ!»

ልጅቷ አቅፋ ሳመቻቸው። ያቺን ወርክሾፕ ግን በከፋዮች ዝርዝሯ ላይ አይታት አታውቅም፤ ኮሚሽን የሚባል ነገር የማትከፍል ናት።

በማግስቱ ኃላፊዋ ጠርታት በሩን ዘጋች።

«ሻጮች ኮሚሽን እየቀነሱብን እንደሆነ ታውቂያለሽ» አለቻት። «ይህ የመስሚያ መሣሪያ ጽሑፍ የዓመቱን ቀዳዳ ሊደፍንልን ይችላል። ከሻጮቹ ትልቁ ድርጅት የሚከፍለውን ማንም አይከፍልም። እሱ አንደኛ ከወጣ ሁላችንም እንቀጥላለን። ካልወጣ፣ ከጸሐፊዎቹ መጨረሻ የተቀጠረው ይሰናበታል።»

መጨረሻ የተቀጠረው ማን እንደሆነ ሁለቱም ያውቁታል።

«ለእኔ ለምን ይነግሩኛል?» አለች ባለኮከቧ።

ኃላፊዋ ወደ መስኮቱ ዞረች። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ እንቅልፍ ያጣች ሴት ነበረች። «ምንም አልነገርኩሽም። አብራችሁ አውቶቡስ እንደምትጠብቁ ግን አውቃለሁ።»

ያን ቀን ማታ ፌርማታው ላይ እሱ ደስ ብሎታል። «ጨረስኩት» አላት። «ነገ ጠዋት ወደ እናንተ አስተላልፋለሁ።»

ቃሉ ከንፈሯ ላይ ደረሰ። ብነግረውና ለእኔ ብሎ፣ ለሠርጋችን ብሎ ቢቀይረውስ? ያ ካልሲ ተሸክሞ «ልነግርሽ አልችልም» ያለኝ ሰው ያኔ የት ይገኛል? ከዚህ አልፋ ማሰብ አልቻለችም፤ ፈራች።

«ምነው ዝም አልሽ?»

«ደክሞኝ ነው።»

ዝም አይነቅዝም ይባላል። እሷም ይህንኑ አምና ዋጠችው። አውቶቡሱ መጣ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣውን ተሳፈረች።

በማግስቱ ጽሑፉ ደረሳት። ወርክሾፗ አንደኛ፣ ትልቁ ድርጅት ሁለተኛ። ለወርክሾፗ የሚከፍል ሊንክ ፈለገች፤ እንደሌለ እያወቀች ፈለገች። ከዚያ ባዶውን ሊንክ፣ ያለ ኮከብ፣ በእጇ አስቀመጠችው። ቀና ስትል እሱ ከመስታወቱ ወዲህ ቆሞ በዓይኑ «እንዴት ነው?» ይላታል። ዓይኗ እንባ ስላቀረረ አንገቷን ደፋች።

ወሩ ሳያልቅ አሰናበቱት። ኃላፊዋ ስትሰናበተው ከሐዘኗ ብዛት አንድ ቃል አመለጣት፤ «ነግራህ ይሆናል ብዬ ነበር» አለችው። ሚዛኑን በብብቱ ይዞ ደረጃው ላይ ጠበቃት።

«ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ጽሑፉን ሳላስተላልፍ?»

በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

«‹ብነግረው ይሸጠዋል› ብለሽ ነዋ!»

«ለእኔ ብለህ እንዳትቀይረው ፈርቼ ነው። ደግሞ ሕጉ አለ...»

«ሕጉ ለሥራ ነው። እኛ ልንጋባ ነበር!» ድምፁ ደረጃው ላይ አስተጋባ፤ ወዲያው ዝቅ አደረገው። «አንድ ፊደል አልነካም ነበር። ግን የሚያስከፍለኝን አይቼ፣ እኔው በአፌ ነበርኩ ‹አልቀይርም› የምለው። በሕይወቴ አንዴ የምለውን ነገር ቀማሽኝ። አላመንሽኝም።»

የተናገረው እውነት ነበር። እሱ ሚዛኑን አቅፎ ወረደ፤ እሷም አልተከተለችውም።

ወራት አለፉ። መስታወቱ አሁንም ያሳያል፤ የሚታይ ነገር ግን የለበትም። ፌርማታው ላይ የመጣውን አውቶቡስ ትሳፈራለች። ጎረቤቶች «ያ ልጅ ምነው ጠፋ?» ሲሏት «ሥራ በዝቶበት ነው» ትላለች።

አንድ ጠዋት እናቷ ሻይ ሲቀዱ «እሙዬ» አሏት። «ይህን መሣሪያ ጆሮዬ ውስጥ ያስገባችሁት እናንተ ናችሁ። ማታ ማታ ከግድግዳው ወዲያ ስታለቅሺ እሰማለሁ እኮ።»

ኩባያውን አስቀመጠችና እዚያው፣ እጃቸው ላይ፣ አለቀሰች። ሁሉንም ነገረቻቸው። እናትየው አላቋረጧትም። በመጨረሻ መሣሪያውን ነካ ነካ አድርገው «ይሄ ነገር እያፏጨብኝ ነው፤ ወርክሾፕ ውሰጂኝ» አሉ።

ወርክሾፗ ደጅ ላይ ሰው ተሰልፏል። ያ ኮከብ የሌለው ሊንክ ያመጣው ሰልፍ ነው። ሽማግሌው ባለሙያ ከጀርባ ሆነው የአንዱን ጆሮ ልክ ይወስዳሉ። ፊት ለፊት፣ መብራት በበራለት ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብሎ የሚሠራው ግን እሱ ነበር። አጠገቡ ያቺ ትንሽ ሚዛን ተቀምጣለች።

ቀና አለና አያት። እሷ እግሯ በሩ ላይ ቀረ። እዚህ መስታወት የለም፤ የሚከልላቸው ነገር አጥተው እንደተያዩ ቆዩ።

እናቷ ምንም እንዳላዩ ሆነው ተቀመጡ። መሣሪያውን ተቀብሎ ከፈተው፣ አጸዳው፣ ጆሮው ላይ አድርጎ ሞከረው።

«ምንም አልሆነም እኮ፣ እማማ» አላቸው።

«አውቃለሁ። ሽማግሌው ሰልፉ በዝቶባቸው አንተን ከቀጠሩህ ጀምሮ መች አጣሁህ? መስመር ላገናኝ ነው የመጣሁት» አሉ። «ዝም አይነቅዝም ያለ ሰው የእናንተን ዝምታ አላየም። በሉ ተነጋገሩ፤ እኔ አልሰማችሁም።» መሣሪያውን እዚያው ጠረጴዛው ላይ ትተውት፣ ደጅ ወጥተው ከሰልፈኛው ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

ሁለቱም ያቺን ትንሽ መሣሪያ ያያሉ።

«አላመንኩህም ነበር» አለች በመጨረሻ። «አምኜህ ዝም ያልኩ መስሎኝ ነበር። ይቅር በለኝ።»

ወንበር ሳበላት።

አልተቀመጠችም። «ዛሬ ግን ቀድሜ ልንገርህ» አለች። «ላገባህ እፈልጋለሁ። ካገባሁህ የዚህች ቤት እንጀራ የእኔም እንጀራ ይሆናል። ያኔ ጽሑፉ እንዳለ መቀጠል የለበትም። ገብቼ ለኃላፊዋ እናገራለሁ፤ አንተንም እኔንም የማያውቅ ጸሐፊ እንደ አዲስ ይፈትናል። ሁለተኛ ልትወጡ ትችላላችሁ። ከዚያም ዝቅ ልትሉ ትችላላችሁ። ይህ ሰልፍ ይበተን ይሆናል። እምቢ ካልከኝ ግን የምናገረው ነገር የለም፤ ሁሉም ባለበት ይቀጥላል። ምርጫው የአንተ ነው።»

በበሩ ወደ ውጭ አየ፤ ተራቸውን የሚጠብቁትን ሰዎች፣ መጨረሻ ላይ የተቀመጡትን እናቷን። ከዚያ ወደ ጀርባ፣ ወደ ሽማግሌው ዞረ።

«ለእሳቸው ዛሬውኑ እኔ እነግራቸዋለሁ» አለ። «ነገ ደግሞ አብረን እንሄዳለን። ደረጃውን አውቀዋለሁ።»

እጁን ዘረጋላት፤ ያዘችው። ያን ጊዜ ደረጃው ላይ እንዳደረጉት እንዳልተነካካ ሰው አልሆኑም።

መሣሪያውን አንስቶ ወጣ። እናትየው ጆሯቸውን ሰጡት፤ ቀስ አድርጎ አስገባላቸው።

«እህስ?» አሉ።

ጎንበስ ብሎ፣ መጮህ ሳያስፈልገው፣ በለሆሳስ ነገራቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ከዚያ እጁን ያዙት።

«ድገመው» አሉ። «ሰምቻለሁ፤ ግን ድገመው።»