ከበሮውን ማን ይሸከም?

«ቀጥ በይ እስቲ፤ አትወዛወዢ!» አሉ ጋሼ ወንድይፍራው፣ የገመዱን ጫፍ በጥርሳቸው እንደያዙ።

ሠናይት ቀጥ አለች። ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ባለችው የእናቷ የቅመም ሱቅ ጓዳ ውስጥ፣ በበርበሬ ከረጢቶች መሀል ቆማለች። ጀርባዋ ላይ ያለው ጋሼ ወንድይፍራው ከጋራዣቸው አውጥተው፣ አቧራውን አራግፈው ያመጡት የተራራ ቦርሳ ነው። የአሉሚኒየም ፍሬሙ ከውጪ የተገጠመ ነው፤ ከጭንቅላቷ በላይ ስለሚወጣ ቁርጥ መሰላል ይመስላል።

ድስቱ ታስሯል። የመድኃኒት ሳጥኑ ታስሯል። የዲያቆኑ ታጣፊ ወንበርም ታስሯል። አሁን የከበሮው ተራ ደርሷል። አዎ፣ የከበሮው! የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆቹ ተራራ ላይ ድንኳን ተክለው ካልዘመሩ ሞተው ይገኛሉ፤ ያለ ከበሮ ደግሞ መዝሙሩ አይሆንላቸውም።

«አይከብዳትም?» አለ የጉዞው አስተባባሪ መክብብ። መጠየቁ ነው እንግዲህ! እሱ በሩን ተደግፎ ስልኩን ይነካካል።

«ትችላለች» አለች እናቷ ቦሰና።

ትችላለች! ሠናይት ይቺን ቃል ስትሰማ ደሟ ይፈላል። አስራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ትከሻዋ ሰፊ፣ ቁመቷ ከወንዶቹ እኩል ነው። ስለዚህ የዘይት ካርቶን ሲመጣ የምትጠራው እሷ፤ የሰርግ ወንበር ሲደረደር የምትጠራው እሷ። «ትፈልጊያለሽ ወይ?» ያላት ሰው ግን እስከዛሬ የለም።

አምናም ችላ ነበር። ያንኑ ድስት፣ ያንኑ ከበሮ ተሸክማ ከሁሉም ኋላ ካምፑ ስትደርስ ትከሻዋ ተልጦ ነበር። በማግስቱ ልጆቹ ወደ ተራራው ጫፍ ሲነሱ መክብብ «ኦኬ፣ አንቺ ደክሞሻል፤ ዕቃውን እየጠበቅሽ ረፍት አድርጊ» አላት። አስራ ስምንት ልጆች ጫፉ ላይ ፎቶ ሲነሱ፣ እሷ ሽኮኮ ከዳቦው ላይ ስታባርር ዋለች። ፎቶው ይኸው ዓመት ሙሉ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ዘንድሮ ግን ለራሷ ምላለች። ምንም ቢመጣ ጫፉ ላይ ትቆማለች።

ለዚህ ብላ ነው ሁለተኛውን ቦርሳ ከጓደኛዋ ከሐሌታ የተዋሰችው። እሱ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። ፍሬሙ ጨርቁ ውስጥ የተደበቀ፣ ጠበብ ያለ፣ ጀርባ ላይ ልጥፍ የሚል ነው። ቅዳሜ ዕለት ሞልታው ኮረብታ ለኮረብታ ስትወጣ ስትወርድ ውላ፣ መሸከሟን የረሳችበት ጊዜ ነበር። ውጪው ደግሞ ልሙጥ ነው፤ ማንም መጥቶ ምንም ሊያስርበት አይችልም።

«ጋሼ፣ ይቆዩ» አለች። «እውነቱን ይንገሩኝ። ከሁለቱ የቱ ይሻላል?»

ጋሼ ወንድይፍራው ታክሲ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። በጉልምስናቸው በዚህ አካባቢ ያልወጡት ተራራ የለም፤ በተራራ ነገር ደግሞ አይዋሹም። ገመዱን ከአፋቸው አወጡ።

«እንደ ሥራው ነው። ለጭነት ከሆነ የኔን የሚያክል የለም። ሸክሙን ወገብሽ ላይ ያሳርፈዋል፤ በመሀል ንፋስ ስለሚገባም ጀርባሽን አያልብሽም። ያሻሽን ብታስሪበት እምቢ አይልም። ድንጋይ ለድንጋይ እየረገጡ ጫፍ ለመውጣት ከሆነ ግን ያኛው ይሻላል። የኔው ያንገዳግድሻል፤ ያ ከገላሽ ጋር አብሮ ይሄዳል።»

«እኔ ለመውጣት ነው የምሄደው» አለች ሠናይት።



«ኖ፣ ኖ፣ ሠናይት!» መክብብ ስልኩን ኪሱ ከተተ። «ፕላን ያደረግነው በዚህ ነው። አገልግሎት እኮ ነው፤ በረከት ታገኚበታለሽ።»

«ከበሮውን የሚመታው ማነው?»

«አዶኒያስ ነዋ።»

«በቃ፣ በረከቱን አዶኒያስ ይውሰደው።»

ጋሼ ወንድይፍራው ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት። እናቷ ግን አልሳቀችም። «አንቺ ልጅ! ምን ዓይነት አፍ ነው ያመጣሽው?»

«ኦኬ፣ ኦኬ» አለ መክብብ እጁን ዘርግቶ። «እንዲህ እናድርግ። እስከ ካምፑ ብቻ አድርሺልን። በማግስቱ አብረሽን ጫፍ ትወጫለሽ። ፕሮሚስ!»

ሠናይት አመነታች። እስከ ካምፑ ብቻ። ያን ያህልም አልነበረም እኮ። «እሺ» ልትል አፏን ከፍታ አንድ ነገር ትዝ አላት።

«ዕቃውን ታዲያ ማን ይጠብቃል?»

መክብብ ጭንቅላቱን አከከ። «እሱን እንግዲህ... እዚያ ስንደርስ እናያለን።»

እዚያ ሲደረስ የሚታየው ማን እንደሆነ ሠናይት ታውቃለች። የወገቡን ቀበቶ ፈታችው። ማንገቻውን ከትከሻዋ አወለቀች። ቦርሳው ከነድስቱ ከነወንበሩ እየተንኳኳ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«የራሴን ድንኳን፣ የራሴን ውሃ እይዛለሁ። ለሁሉም የሚበቃ ሽሮም እይዛለሁ። ድርሻዬ እሱ ነው። ከዚያ በላይ አልሸከምም፤ ዕቃም አልጠብቅም።»

«እንግዲያው አትሄጂም!» አለች እናቷ፣ ፊቷ በርበሬ መስሎ። «ሰው ምን ይላል? ጉልበቷን ሰሰተች ይበሉሽ?»

የሠናይት እንባ መጣ። መምጣቱ ይብስ አናደዳት።

«ይበሉኛ! ካስቀረሽኝም እቀራለሁ፣ እማዬ። ከበሮው ግን እኔ ብቀርም ተሸካሚ ይፈልጋል። አምና ቀኑን ሙሉ እዚያ ብቻዬን ነበርኩ። ስመጣ ‹እንዴት ነበር?› ስትይኝ ‹ጥሩ ነበር› አልኩሽ። ዋሽቼሽ ነው። ሳለቅስ ነው የዋልኩት።»

እናቷ አንዱ የበርበሬ ከረጢት ላይ ተቀመጠች። «ፎቶው ላይ ሳጣሽ... እኔ እኮ ያነሳሻቸው አንቺ መስለሽኝ ነበር» አለች ቀስ ብላ።

ጋሼ ወንድይፍራው የአሉሚኒየሙን ቦርሳ ብድግ አድርገው ወደ መክብብ ዞሩ።

«ና ወዲህ፣ ትከሻህን አምጣ። ማንገቻውን በልክህ ላስረዝመው።»

«እኔ?»

«ታዲያ በሰባ ዓመቴ እኔ ልሂድልህ?»

ከዚያ በኋላ እናቷ ለሦስት ቀን ከሠናይት ጋር በቅጡ አልተነጋገረችም። «አትሄጂም» ያለችውንም ግን አልደገመችውም። ሰኞ ማለዳ መክብብ ቫኑን ሱቁ በር ላይ ፓርክ አድርጎ፣ የአሉሚኒየሙ ቦርሳ ከነጭነቱ በቫኑ በር አልገባ ብሎት ይታገላል። አዶኒያስ ከበሮውን አቅፎ አኩርፏል።

ሠናይት የእግረኛ መንገዱ ላይ ተንበርክካ የሐሌታን ቦርሳ ለመጨረሻ ጊዜ ስታስተካክል፣ እናቷ በፎጣ የተጠቀለለ ትንሽዬ ድፎ ዳቦ ይዛ ወጣች። ትኩስ ነው፤ ሽታው መንገዱን ሞልቶታል። በደንብ እንዳልተኛች ዓይኗ ያስታውቃል። ሠናይት የቦርሳውን ዚፕ ለቀቀችው። መክብብን እምቢ ማለት ምን ነበረበት! እናቷን ግን...

«ይቺን ብቻ» አለች እናቷ። «ለልጆቹ ነው። ቦርሳሽ ቦታ አለው አይደል?»

ሠናይት ወደ ውስጥ አየች። ድንኳኑ፣ ውሃው፣ ሽሮው ሁሉም አለ። ከላይ፣ ልክ ያንን ዳቦ የሚያህል ክፍት ቦታ አለ።

«አለው» አለች።

ዚፑንም እስከ መጨረሻው ዘጋችው።

እናቷ ዳቦውን እንዳቀፈች ቆመች። የተዘጋውን ቦርሳ አየች፤ የልጇን ፊት አየች። ከዚያ ወደ ቫኑ ዞራ ድምጿን ከፍ አደረገች።

«መክብብ! ና ይቺን ተቀበለኝ!»